የሱቅዎን ሰነድ ወደ ክላውድ ሲያስገቡ፦ ቁልፉን በእጅዎ ይዘው

መርካቶ ውስጥ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ በጅምላ የሚሸጡ አንዲት ነጋዴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተራቸው ከነሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል። የአራት ዓመት የዱቤ መዝገባቸው እዚያ ውስጥ ነበር። ድምፃቸው ግን የተረጋጋ ነው፤ «ግድ የለም፣ ልጁ ድራይቭ ላይ ያስቀምጠው ነበር» አሉኝ። ልጁ የሚሉት የቀድሞ ሂሳብ ሠራተኛቸውን ነው፤ ድራይቭ ያሉት ደግሞ ጉግል ድራይቭን፣ የጉግልን የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ ነው። ማስቀመጡስ እውነት ነው፣ ያስቀመጠው ግን በራሱ ጂሜይል ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ለቆ ዱባይ ከሄደ ሰባት ወር ሆኖታል፤ የድሮ ስልኩም አይጠራም። በዘመድ በኩል አፈላልገን እስክናገኘው 11 ቀን ፈጀብን። ጨዋ ልጅ ነው፣ መልእክታችን በደረሰው ሌሊት ሁሉንም ፋይል ላከልን። በእነዚያ 11 ቀናት ግን ደንበኛ መጥቶ «የኔ ሂሳብ ስንት ደረሰ?» ሲላቸው፣ ሴትየዋ «አንተው ንገረኝ» እያሉ ነበር የሚቀበሉት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሱቅ ወይም ትንሽ ድርጅት ሰነዱን ወደ ክላውድ ላስገባ ሲለኝ፣ የትኛው ክላውድ ይሻላል ከሚለው በፊት በማን ስም ይከፈታል ብዬ እጠይቃለሁ። ክላውድ ስንል ፋይልዎ በሌላ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል፣ እርስዎም በኢንተርኔት ይደርሱበታል ማለታችን ነው። ቤቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ቁልፉ ደግሞ አካውንትዎ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ከብዙ ሱቆች ጋር ስሠራ ነው ያገኘሁት፤ ለአንድ መካከለኛ ሱቅ ሁለት ወይም ሦስት እሑድ ይበቃዋል።

1. ያለዎትን ይቁጠሩ

ኮምፒውተር ሳይከፍቱ በፊት ደብተር ይያዙ። በአንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ምን ሰነድ ነው፣ የት ነው ያለው፣ ማን ይነካዋል፣ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ምን ይሆናል። ከዚያ ሱቁን እየዞሩ ይጠይቁ። ሰነዱ ይገኛል ብለው ከሚያስቡት ቦታ ውጭ ብዙ ቦታ ያገኙታል፦ በካሸሯ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ፣ በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ፣ በባለቤቱ ስልክ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ በመሳቢያ ውስጥ ባለ ፍላሽ፣ በወር አንዴ እየመጣ ቫት በሚያሳውቅልዎት አካውንታንት ላፕቶፕ ላይ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሱ የስምንት ሱቅ ሂሳብ በአንድ ላፕቶፕ ይዞ ታክሲ ላይ የሚወጣ ሰው ነው።

አራተኛው ዓምድ የሥራውን ቅደም ተከተል ይነግርዎታል። የዱቤ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራና የሂሳብ ሶፍትዌሩ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከጠፉ ሥራ ይቆማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገቡት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ሕግ እንዲያቆዩ የሚያስገድድዎት ይመጣል፦ የቫት ማሳወቂያ፣ ዜድ ሪፖርት፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል። የሠርግ ፎቶና የተላከልዎ ቪዲዮ በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለብቻ የሚያዝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የሰው መረጃ ነው። የደንበኛ መታወቂያ ኮፒ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የሠራተኛ ደመወዝና የሕክምና ወረቀት ማለቴ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል፣ መረጃው ከአገር ውጭ ሲላክም ሊሟሉ የሚገባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል። የውጭ ክላውድ ላይ መጫን ደግሞ ከአገር ማውጣት ነው። የማያስፈልግዎትን የመታወቂያ ኮፒ ከመጫን ይልቅ ያጥፉት። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም አበዳሪ ድርጅት ከሆኑ ከዚህ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ፤ የአንድ ሰዓት ምክር ነው።

2. ሳያጸዱ አይጫኑ

ፎልደሮችን ወደ «ሾርትከት» የሚቀይረውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። በቫይረስ የተያዘ ፋይል ክላውድ ላይ ሲወጣ አይድንም፤ ሰው ባወረደው ቁጥር ይዛመታል። ዊንዶውስን አድሱት፣ ከዚያ በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ አዝዘው ያሳድሩት። ፍላሾቹንም አንድ በአንድ ያስፈትሹ።

አሁን ሌላ አገር ያለ ሰው የማይነግርዎትን ልንገርዎት። በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፊደሎች (ፎንቶች) የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሎች ካሉዎት፣ ብዙዎቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ፣ የተጻፉ አይደሉም። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሲከፈቱ አማርኛው ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፦ ሰነዱን ይክፈቱ፣ ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡና ፊደሉን ወደ ኒያላ ይቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ደህና ነው። ከተበላሸ ለውጡን ይመልሱና፣ ፊደሉ ባለበት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡት። ዋናውንም አይጣሉ። እንደገና የሚታረም ሰነድ ከሆነ በዩኒኮድ ማስጻፍ ይሻላል። አንድ ማኅበር የመመሥረቻ ጽሑፉን እንዲህ ሳያየው ጭኖ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር ሸጦ፣ ከዓመት በኋላ ለባንክ ሊያትመው ሲል ነው ያወቀው።

የፋይል ስምም አሁን ይስተካከል። «ሠነድ» ብለው ያስቀመጡትን «ሰነድ» ብለው ሲፈልጉ ላይመጣልዎት ይችላል፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሐምሌም በሐመሩ ሐ ይሁን ወይስ በሃሌታው ሀ፣ አንዱን ይወስኑና ወረቀት ላይ ጽፈው ኮምፒውተሩ አጠገብ ይለጥፉት። እኔ የምመክረው ለእያንዳንዱ በጀት ዓመት አንድ ፎልደር፣ በውስጡ ደግሞ በቁጥር የሚጀምሩ ወራት ነው፦ 01-ሐምሌ፣ 02-ነሐሴ እያለ እስከ 12-ሰኔ፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር። ቁጥሩ ከፊት ካልገባ ወራቱ በፊደል ተራ ይደረደሩና ሐምሌና መስከረም ይመሰቃቀላሉ። በፈረንጅ ቀን የሚሠሩ ሪፖርቶች ላይ «እ.ኤ.አ» ብለው ይጨምሩበት፤ 2017 የቱ 2017 እንደሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ማንም አያስታውስም።

3. አካውንቱን በስምዎ ይክፈቱ

እዚህ ላይ ቸኩለው አይለፉ።

ለድርጅቱ ብቻ የሚሆን አዲስ አካውንት ይክፈቱ። የሚከፍተው ባለቤቱ ነው፤ ሠራተኛ አጠገብ ተቀምጦ ሊያሳይ ይችላል፣ ጣቱ ግን የባለቤቱ ይሁን። መመለሻ ስልክ ቁጥሩ (የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ ኮድ የሚላክበት) በባለቤቱ መታወቂያ የወጣና በየቀኑ የሚሠራ ሲም ይሁን። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የእርስዎ ኮድ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል። መመለሻ ኢሜይሉ የትዳር ጓደኛዎ ወይም የሽርካዎ ቢሆን ጥሩ ነው።

የይለፍ ቃሉ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይሁን። የሱቁ ስም ላይ 123 የተቀጠለበት፣ ስልክ ቁጥር፣ የቲን ቁጥር ሁሉ ጎረቤት የሚገምታቸው ናቸው። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ ሲገቡ ከይለፍ ቃሉ ሌላ አንድ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን በኤስኤምኤስ ከመቀበል ይልቅ እንደ ጉግል ኦተንቲኬተር ያለ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ቢጭኑ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ጉግል ስልክ ቢጠፋ የሚያገለግሉ 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ያትሟቸው፣ ከንግድ ፈቃዱ ዋና ቅጂ ጋር ካዝና ውስጥ ያስገቧቸው። ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ሠራተኞችስ? የባለቤቱን የይለፍ ቃል ማንም አይወቅ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ይዞ፣ የሚያስፈልገው ፎልደር ብቻ ይጋራለት፦ ካሸሯ የዕለት ሽያጩን፣ ሂሳብ ሠራተኛው ሂሳቡን። ማየት ብቻ ለሚበቃው የማየት ፈቃድ ብቻ ይስጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በነፃው ጉግል ድራይቭ ሠራተኛዎ በእርስዎ ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ቢጭን፣ የፋይሉ ባለቤት እሱ ነው። ፎልደሩ የእርስዎ ሆኖ ፋይሉ የእሱ ይሆናል። እሱ አካውንቱን ሲዘጋ ፋይሉ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ዋና ዋና ፋይሎቹን እርስዎ ፈጥረው እሱ እንዲጽፍባቸው ፈቃድ ይስጡት፤ በሳምንት አንዴም የፋይሎቹን ዝርዝር ከፍተው «ባለቤት» የሚለውን ዓምድ ይዩ። ከስምዎ ሌላ ስም ካዩ ቅጂ ይሥሩ፤ ቅጂው የእርስዎ ይሆናል። የሚከፈልበትን የጉግል ወርክስፔስ ከያዙ ግን የጋራ ድራይቭ የሚባል አለው፣ እዚያ የሚገባ ፋይል ሁሉ የድርጅቱ ነው።

ሠራተኛ ሲለቅ በለቀቀበት ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዙ ሲፈረም፣ ከእያንዳንዱ ፎልደር ያስወጡት። ይህን የምለው ሰውን ከመጠርጠር አይደለም። ዱባይ የሄደው ልጅም ምንም አልበደለም፤ የሰው ቁልፍ ይዞ መሄዱን እንኳ አላወቀም ነበር።

4. የት ይሁን

ጉግል በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ይህ ግን ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ ነው። የማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭ በነፃ 5 ጊጋባይት አለው። የአራት ዓመት ኤክሴልና ፒዲኤፍ ለሚይዝ ሱቅ ብዙ ጊዜ 15ቱ ይበቃል። ቦታው የሚሞላው የስልክ ፎቶ በራሱ እየተጫነ ስለሆነ፣ በዚህ አካውንት ላይ የፎቶ ባክአፕ አያብሩ። ቦታው ከሞላ ኢሜይል መቀበልም ያቆማል።

የሚከፈልበት ካስፈለገዎት የውጭዎቹ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሌላ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል የሚያደርጉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ካርዱ ጊዜው ሲያልፍበት ማስጠንቀቂያው ወደ እርስዎ ኢሜይል መምጣቱን ያረጋግጡ፣ አካውንቱም በእሱ ስም አይከፈት። ኢትዮ ቴሌኮምም የቴሌ ክላውድ አገልግሎት አለው፤ በብር መክፈል ለሚፈልግ ማወዳደር ይገባዋል።

ቴሌግራምን እንደ መዝገብ ቤት አይጠቀሙበት። ከስልክ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተም አካውንቱ ራሱን ይሰርዛል። ጉግልም ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል።

5. ፒችትሪን ለብቻው ይያዙት

የሂሳብ ሥራዎ በፒችትሪ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን የኩባንያ ፎልደር በቀጥታ ድራይቭ ውስጥ እንዳያስቀምጡ። ድራይቩ ፋይሎቹን ወደ ላይ ለመላክ በሚያነብበት ሰዓት ፒችትሪው እየጻፈባቸው ይሆናል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ዳታው ይበላሻል። የተበላሸውን ዳታ ለማስጠገን ከሚከፍሉት ይልቅ ይህን ያድርጉ፦ ማታ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሁሉ ከፕሮግራሙ ይውጡ፣ ከፋይል ሜኑ «ባክአፕ» የሚለውን ይምረጡ፣ ስሙ ላይ ቀኑ እንዲገባ ያድርጉ። በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሠራል። ክላውድ ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ሌላ የሂሳብ ሶፍትዌር ካለዎትም ነገሩ ያው ነው፤ እየሠራ ያለን ዳታቤዝ አይጫኑ፣ ባክአፑን ይጫኑ።

6. ምስጢር የሆነውን ይቆልፉት

የደመወዝ ዝርዝር፣ የመታወቂያ ኮፒና የባንክ ወረቀት ከኮምፒውተርዎ ከመውጣታቸው በፊት ይቆለፉ። ሰቨን ዚፕ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ይጫኑ፣ ወደ ማኅደር ጨምር (Add to archive) የሚለውን ይምረጡ፣ ዓይነቱን ሰቨን ዜድ (7z) ያድርጉት፣ የይለፍ ቃል ይስጡት። የፋይል ስሞችንም ቆልፍ (Encrypt file names) የምትለዋን ትንሽ ሣጥን ምልክት ያድርጉባት፤ ካልሆነ ሰው ፋይሉን ባይከፍትም «የእገሌ ደመወዝ» የሚለውን ስም ያነባል። መቆለፊያው ኤኢኤስ-256 የሚባለው ጠንካራ ዘዴ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ፕሮግራሙን የሠሩትም አይከፍቱልዎትም። ስለዚህ በወረቀት ይጻፍና በሁለት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ካዝና፣ አንዱ ቤት።

7. መጫን

የኢንተርኔቱን የመጫኛ ፍጥነት ይለኩ፤ ሲሸጥልዎ የተነገረዎት ቁጥር የማውረጃው ሊሆን ይችላል። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚጭን መስመር 20 ጊጋባይት ለማውጣት ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ማታ 3 ሰዓት ቢጀምር ጠዋት 2 ሰዓት አልፎ ነው የሚያልቀው። የሞባይል ፓኬጅ ለዚህ አይሆንም፤ ገደብ የሌለው የቤት ወይም የቢሮ መስመር ይጠቀሙ። የካፌ ዋይፋይም አይሁን።

ከብራውዘር እየጎተቱ ከመጫን ይልቅ የድራይቩን የኮምፒውተር መተግበሪያ ይጫኑ። መብራት ቢሄድ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ብራውዘሩ ግን የትኛው እንደገባ የትኛው እንደቀረ ሳይነግርዎት ሊቋረጥ ይችላል። ለራውተሩና ለኮምፒውተሩ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ይኑር። መጀመሪያ የዱቤ ፎልደሩን ብቻ ይጫኑ፣ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ በእሱ ላይ ይሞክሩ፣ ከዚያ የቀረውን ይልቀቁት።

8. ገብቷል ወይ?

አረንጓዴ ምልክት ማየት አይበቃም። በኮምፒውተሩ ያለውን ፎልደር ቀኝ ክሊክ አድርገው የፋይሉን ብዛት ይጻፉ፣ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ፎልደሩን ከክላውድ አውርደው ብዛቱን ያወዳድሩ። ከየወሩ ሁለት ሁለት ፋይል እየመረጡ ይክፈቱ፦ አማርኛው ይነበባል? የኤክሴሉ ድምር ከአሮጌው ጋር አንድ ነው? የፒችትሪውን ባክአፕ በሌላ ማሽን ላይ መልሰው የአንድ ደንበኛ ሂሳብ ያውጡ። ይህ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ አሰልቺም ነው። እኔ ያለዚህ አንድም ሱቅ ጨርሻለሁ ብዬ ወጥቼ አላውቅም።

አሮጌውን ኮምፒውተር ቢያንስ አንድ ሙሉ የቫት ወር እስኪዘጋ አይንኩት። ሊሸጡት ከሆነ ደግሞ ፎርማት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ በፈጣን ፎርማት የጠፋ ፋይል በነፃ ፕሮግራም ይመለሳል። ሀርድ ዲስኩን አውጥተው ያስቀሩት።

9. አንድ ቅጂ ከኢንተርኔት ውጭ

ድራይቭ ፋይሎችን ያመሳስላል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያጠፉት ከላይም ይጠፋል፣ በቫይረስ የተቆለፈውም ተቆልፎ ይወጣል። የተጣለ ፋይል በጉግል ድራይቭ ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ኢንተርኔቱ ራሱም ሊጠፋ ይችላል፤ በ2012 ዓ.ም ሰኔ መጨረሻ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይግዙ፣ ቅዳሜ ማታ ሁሉንም ገልብጡበት፣ ገመዱን ነቅለው ወደ ቤት ይውሰዱት። ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ቫይረሱም መብራቱም ያገኘዋል።

10. በወር አንዴ፣ ከሱቁ ውጭ

የቀለም ነጋዴዋ አሁን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እስኪፈላ ስልካቸውን ያወጣሉ። በራሳቸው አካውንት ይገባሉ፣ የዱቤ ፎልደሩን ይከፍታሉ፣ የአንድ ደንበኛ ስም መርጠው ቀሪውን ሂሳብ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ሰኞ ሱቅ ሲገቡ ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩታል። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ፤ በዚያ ቀን ማንም ሠራተኛ እንዳይረዳዎት። ፋይሉ ካልተከፈተልዎ፣ ወይም ኮዱ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ከሄደ፣ ወደ 3ኛው ይመለሱና ከዚያ ይጀምሩ።